«ጋሼ፣ ለኪሊማንጃሮ ቤዛዊት ይበቃል?»

ባለፈው እትም ስለ ራስ ደጀን ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ተራራ ተራራ ይሸታል። ለማታውቁኝ፣ 19 ዓመት እንግዳ ስመራ የኖርሁ ሰው ነኝ። መጀመሪያ በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ፣ ኋላ ወደ ስሜን። አሁን ጉልበቴ አልታዘዝ ስላለኝ ጣና ዳር ቡናዬን ይዤ በሰው ዳገት እመክራለሁ። ከመጡት አምስቱን መርጫለሁ።

*

«ጋሼ፣ ባንክ ነው የምሠራው፤ ዕድሜዬ 34 ነው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለኪሊማንጃሮ ብለን ዕቁብ ገብተናል። ጥር ላይ ልንሄድ አስበናል። በሳምንት ሦስት ቀን ቤዛዊትን እንወጣለን። ይበቃል? ደግሞ የአምስት ቀኑ ጉዞ ረከስ ስለሚል እሱን ልንይዝ ነው።»
ከግሽ ዓባይ

ለተራራ ዕቁብ! ብቻዬን ሳቅሁ። ለሠርግም ለመኪናም ሲጣል አይቻለሁ፣ ለዳገት ግን የመጀመሪያዬ ነው። ጥርም ጥሩ ወር ነው፣ እዚያ ታንዛኒያ ደረቅ ነው።

ቤዛዊትን እወዳታለሁ። ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ቆሞ ዓባይን ቁልቁል ማየት የማይወድ የባሕር ዳር ሰው የለም። ግን እውነቱን ልንገርሽ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቤዛዊት ከዚያ ላይ ያለች ጉብታ ናት። እግርሽን ታጠነክረዋለች። ሳንባሽ ግን ከቤት መውጣቱንም አያውቅ።

ስለዚህ በብልሃት ተጠቀሙባት። ሻንጣችሁ ውስጥ ውኃ የሞላ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አራት አራት ክተቱ። በመጀመሪያው ወር አናት ላይ ስትደርሱ ውኃውን ድፉትና ቀለል ብላችሁ ውረዱ። በሁለተኛው ወር ግን ተሸክማችሁት ውረዱ። ሰው ሁሉ የሚፈራው መውጣቱን ነው፤ ጉልበት የሚጨርሰው ግን መውረዱ ነው። የኪሊማንጃሮ ጫፍ 5,895 ሜትር ነው። በማራንጉ መንገድ ከሄዳችሁ በዚያው ቀን ሆሮምቦ የሚባለው ማደሪያ ድረስ ትወርዳላችሁ፤ እሱ 3,720 ሜትር ላይ ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ ስትወጡ ካደራችሁ በኋላ። ያን ቀን ጭንሽ እንደ ቅቤ ይቀልጣል።

ከቤዛዊት ቀጥሎ ጉና። በወረታ አድርጋችሁ ደብረ ታቦር እደሩ፤ ጠዋት ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ክምር ድንጋይ ድረስ ሂዱና ከዚያ በእግር። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል መሀል ስትገቡ ወሬያችሁ እየቀነሰ ይመጣል። ያኔ ሳንባችሁ ተራራ መኖሩን ሰማ ማለት ነው። ከዚያ አራት ቀን ስሜን፦ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ በመጨረሻም ቧሂት፣ 4,430 ሜትር። ይኼን ያለ ብዙ ለቅሶ ከጨረሳችሁ ኪሊማንጃሮን ልታስቡት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ አምስት ቀኑ። ያስጨነቀኝ እሱ ነው። እስኪ እንደ ባንክ ሰው አብረን እናስላው። በመጀመሪያው ቀን ማታ ማንዳራ ታድራላችሁ፣ 2,720 ሜትር። በሁለተኛው ሆሮምቦ፣ 3,720። በሦስተኛው ኪቦ፣ 4,700 ገደማ። እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ተነሡ ትባላላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ነው የሚመከረው። እናንተ በየቀኑ እጥፉን ልትጨምሩ ነው። የተራረፈው ብር ለምን እንደተራረፈ አየሽው? ቢያንስ ስድስት ቀን ያዙ። ተጨማሪዋን ቀን ሆሮምቦ ላይ አሳልፏት፤ ቀን 4,000 ሜትር ገደማ ድረስ ወጥታችሁ ማታ ተመልሳችሁ እዚያው ተኙ። ዕቁቡ ሌላ ሁለት ዙር ከሄደ ደግሞ ሌሞሾ የሚባለው መንገድ ሰባትና ስምንት ቀን ይወስዳል። እኔ ብሆን ዙሩን እጠብቃለሁ።

ያለ አስጎብኚ መውጣት እዚያ አይፈቀድም። ተሸካሚም አለ፤ የአንድ ሰው ሸክም ከ20 ኪሎ አይበልጥም። ከመክፈላችሁ በፊት ተሸካሚዎቹ የት እንደሚያድሩና ምን እንደሚበሉ ጠይቁ። መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ሌላ ድርጅት ፈልጉ። የጉርሻውን ብር ከዕቁቡ ላይ ከአሁኑ ለዩት፤ መጨረሻ ላይ ኪስ ሲደባበስ ያሳፍራል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም እንዳትረሱ።

ልብስ ከሰልባጅ ተራ ይገኛል። ለፈረንጅ በረዶ የተሠራ ጃኬት እዚያ ሲረገጥ አይቻለሁ። ጅንስ ግን አይሆንም፤ ከረጠበ አይደርቅም። ጋቢም እንደዚያው ነው፤ ማደሪያ ላይ እንደሱ የሚያሞቅ የለም፣ ዝናብ ከነካው ግን አንድ በግ እንደመሸከም ነው።

*

«አባቴ የደባርቅ ሰው ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ደገኛ ደም ስላለኝ ከፍታ አይዘኝም አይደል? ጓደኛዬ ዳያሞክስ የሚባል ኪኒን ያስፈልጋል ይለኛል።»
ከሽንብጥ

የአባትህ አገር ሰዎች እውነትም ልዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ ስሜን ውስጥ አምባራስ አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ጥናት አውጥታ ነበር። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ላይ የሚኖሩት ደማቸው ወፍሮ ይገኛል። ቲቤቶች ደግሞ ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። የእኛዎቹ ግን በሁለቱም በኩል በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አልተለዩም። ተመራማሪዎቹ የኢትዮጵያ ዓይነት ብለው ለብቻው መዘገቡት።

እነዚያ ሰዎች ግን እዚያው ውለው እዚያው የሚያድሩ ናቸው። አንተ ያደግኸው ጣና ዳር ዓሣ እየበላህ ነው። በአባት ደም ተማምኖ የወጣ አንድ የጎንደር ልጅ ጨነቅ ላይ ሲያስመልስ ሌሊቱን ሙሉ ጀርባውን አሽቼለታለሁ። ስፖርተኛ ነበር፣ እኔን በሩጫ የትና የት ይጥለኛል። ከፍታ ጡንቻ አይቶ አይምርም።

ኦክስጅኑ ከአየሩ አልጠፋም፤ እዚህም እዚያም 21 ከመቶ ነው። የሚቀንሰው አየሩ የሚጫንበት ኃይል ነው። ኪሊማንጃሮ ጫፍ ላይ በባሕር ወለል ካለው ግማሽ ያህል ነው። አንድ ትንፋሽ ስበህ የግማሹን ታገኛለህ ማለት ነው። ራስ ምታት፣ ምግብ መጥላት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ባለህበት ቆይ፣ አትጨምር። ተቀምጠህም ትንፋሽ ካጠረህ፣ አረፋ ያለው ሳል ካሳለህ ወይም ስትራመድ ከተንገዳገድህ ግን ውረድ። ሌሊትም ቢሆን ውረድ።

ዳያሞክስ ይረዳል፣ ግን ሐኪም ሳያይህ አትጀምር፤ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማህ ከሆነ። ጣትህን ይወርርሃል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስሮጥሃል፣ ለስላሳ ስትጠጣ ደግሞ ጋዙ ያለቀበት ይመስልሃል። ምልክትን መሸፈኛ አድርገህ አትውሰደው።

*

«በዐቢይ ጾም ስሜን ልንወጣ ነው። በሶና ቆሎ ይበቃናል?»
ከዘጌ

በሶ ከዚህ በላይ ለምን ተፈጠረ? ከፍታ ላይ ቅባትና ሥጋ ራሱ ጾመኛ ላልሆነውም አይወርድለትም። ለብ ባለ ውኃ፣ በስኳር፣ ቀጠን አድርጋችሁ በጥብጡት። ቆሎ ግን እየሄዳችሁ አትዘግኑ፤ ብርዱ አፍ ያደርቃል፣ ማነቁ አይቀርም። ሽሮውን ማታ ማታ አድርጉት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ዳገት መውጣትን በተመለከተ የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ በቀን ሦስት ሊትር የማይጠጣ ሰው ይዤ አልወጣም ነበር።

*

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ 20 ዓመቴ ነው። ኤቨረስትን መውጣት ሕልሜ ነው። ከየት ልጀምር?»
ከጶሊ ግቢ

ከገንዘብ። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2025 የፈቃዱን ብቻ ዋጋ ከ11 ሺህ ወደ 15 ሺህ ዶላር አሳድጋዋለች። አስጎብኚው፣ ኦክስጅኑ፣ ድንኳኑ፣ የሁለት ወር ቀለቡ ከዚያ በላይ ነው።

ሌላው በረዶ ነው። አገራችን ውስጥ ጫማ ሥር የብረት ጥርስ አስሮ በበረዶ ግግር ላይ መራመድ የምትለማመድበት ቦታ የለም። ከቅርባችን አንዱ ዩጋንዳ ያለው የሩዌንዞሪ ተራራ ነው፤ 5,109 ሜትር በሆነው ማርጌሪታ ጫፍ አካባቢ ጥቂት ግግር አለ፣ እሱም እየቀለጠ ነው። ከራስ ደጀን፣ 4,550 ሜትር፣ ጀምረህ ኪሊማንጃሮን አስከትልና ከዚያ እሱን ሞክር። ዕድሜህ ገና ነው።

አንድ ነገር ግን ይዘህ ሂድ። እ.ኤ.አ. በ1953 መጀመሪያ ጫፉ ላይ ከቆሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ቴንዚንግ ኖርጌይ ነው፣ የሼርፓ ልጅ፤ ሼርፓዎች የኔፓል ተራራ ሰዎች ናቸው። ዛሬም ገመዱን ቀድመው የሚዘረጉት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 በኩምቡ የበረዶ ፏፏቴ ላይ ግግር ተንዶ በአንድ ጠዋት 16 ኔፓላውያን ሞተዋል። ለእንግዳው ዕቃ ሊያደርሱ፣ መንገድ ሊያበጁ የወጡ ነበሩ። እኔ የበቅሎ ነጂ ወዳጅ ስለሆንሁ ይሆናል፣ ስለ ኤቨረስት ሲወራ መጀመሪያ የሚታወሱኝ እነሱ ናቸው።

*

«ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ራስ ደጀን ሊወጣ ነው። አስጎብኚ ይዘናል ይላል። ያ አስጎብኚ ደኅና ሰው መሆኑን በምን ልወቅ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።»
እናት፣ ከወረታ

እትዬ፣ ልጅዎን ስልኩን ያስደውሉትና አስጎብኚውን ራስዎ ያነጋግሩት። ስንት ጊዜ ራስ ደጀን እንደወጣ አይጠይቁት፤ ሁሉም መቶ ጊዜ ይላል። «ስንት ሰው ከመንገድ መልሰህ ታውቃለህ?» ይበሉት። «ማንንም መልሼ አላውቅም፣ ሁሉንም አድርሻለሁ» ካለዎት ልጅዎን አይስጡት። ትንሽ ዝም ብሎ «እንትን ጊዜ አንዱን፣ ጉልበቱ አብጦ...» እያለ ማውራት ከጀመረ እሱ ሰው ነው። ቀጥለው የመመለሻ ሰዓቱን ይጠይቁት። ጫፍ ተደረሰም አልተደረሰም ፊት የሚዞርበት ሰዓት አስቀድሞ ሊኖረው ይገባል።

ይኼን ጥያቄ ያስተማረኝ የራሴ ውርደት ነው። በ2008 ዓ.ም. እኔም በተራዬ እንግዳ ሆኜ ኪሊማንጃሮ ሄድሁ። አስጎብኚያችን ኪሊማንጃሮ ሥር ከሚኖሩት ከቻጋዎች ወገን ነበር፣ ዝምተኛ። «ፖሌ ፖሌ» ከማለት በቀር ብዙ አይናገርም፤ ቀስ በቀስ ማለቱ ነው። እኔ የስሜን ሰው ነኝ ብዬ ፊት ፊት እላለሁ። ኪቦ ላይ ማታ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። ዝም አልሁ። እኩለ ሌሊት ተነሥተን ሃንስ ማየር ዋሻ ስንደርስ፣ 5,150 ሜትር ገደማ ነው፣ የግንባር ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራና «እንዴት ነህ?» አለኝ። «ደኅና» አልሁት። ስንቱን እንግዳ «ደኅና» ሲለኝ ፊቱን አይቼ ውሸቱን እንደማውቅ ረሳሁት።

በበትሩ አሸዋው ላይ መስመር አሰመረ። ተረከዜን ከጣቴ ጋር እያገጣጠምሁ በመስመሩ ላይ እንድሄድ ነገረኝ። ይኼን እኔም ለሰው አሠርቼ አውቃለሁ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ወደ ግራ ወደቅሁ፣ እንደ ጠጅ ቤት ሰው። አልተቆጣኝም። ረዳቱን ጠራና ሻንጣዬን ከጀርባዬ አወለቀልኝ። «ገንዘቤን ከፍያለሁ» ብዬ ጮኽሁበት። እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። እሱ ግን ለሌሎቹ ሦስቱ ፊቱን አዙሮ ዳገቱን ቀጠለ። ረዳቱ ክንዴን ይዞ በጨለማ አወረደኝ። ረፋድ ላይ ሆሮምቦ ስደርስ ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጣሁ፣ ራስ ምታቱም ጥሎኝ ሄደ። ባሕር ዳር ስመለስ ለሰው ሁሉ «ጭጋግ ነበር» እያልሁ ዋሸሁ። ሚስቴ ብቻ አላመነችኝም።

ስለ መንገዱም ልንገርዎ። ልጅዎ ደባርቅ ሲደርስ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፣ ስካውት ይመደብለታል፤ ጠመንጃ ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። ከመነሣታቸው በፊት የመንገዱን ሁኔታ ደባርቅ ያለ ሰው ደውለው ይጠይቁ። ከቧሂት ማዶ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርደው እንደገና ወደ አምቢቆ ይወጣሉ። ከባዱ ቀን እሱ ነው፣ ጫፉ የሚወጣበት አይደለም። ጉልበት ማሰሪያ ያስይዙት።

ከጨነቅ በኋላ ስልኩ ላይሠራ ይችላል። ሁለት ቀን ድምፁ ቢጠፋ አይደንግጡ። የበቅሎ ነጂውን ስልክ ቁጥር ግን አስቀድመው ይያዙ። የትኛው ድንጋይ ላይ ቢቆሙ ኔትወርክ እንደሚገኝ እነሱ ያውቃሉ።