የስክሩ ኮንቬየር ክንፍ በሶሊድወርክስ፦ መጀመሪያ ከርቩ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ለእህል የሚሆን ስክሩ ኮንቬየር (ዘንግ ላይ በተጠመጠመ ክንፍ እህል የሚገፋ ማጓጓዣ) ሶሊድወርክስ በሚባለው የ3ዲ ንድፍ ሶፍትዌር ላይ እየሠራህ ነው፤ ዘንጉ 60 ሚሊ፣ የክንፉ የውጪ ዲያሜትር 200፣ ፒቹም (ክንፉ በአንድ ዙር ዘንጉን ይዞ የሚሄደው ርቀት) 200። ሄሊክስ (እንደ ስፕሪንግ የሚጠመዘዝ ከርቭ፣ ማለትም ጎባጣ መስመር) አውጥተህ አራት ማዕዘን ፕሮፋይል (የክንፉን ቁርጥ ገጽ) በእሱ ላይ ስዊፕ ስታደርግ፣ ማለትም እየጎተትክ ቅርጽ ስታወጣ፣ ክንፉ አንዴ ይዘምብሃል፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ ኤረር ይሰጥሃል። እግረ መንገድህንም ሪፈረንስ ከርቭ ከ3ዲ ስኬች (በራስህ ከምትሥለው የሦስት አቅጣጫ ሥዕል) በምን እንደሚለይ ጠይቀሃል። እኔም በዚሁ ነገር ብዙ ስለለፋሁበት ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፤ ታገሠኝ።

ከኤረሩ ልጀምር። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፕሮፋይሉን ከከርቩ አስቀድሞ ከመሣል ነው። ሁልጊዜ ከርቩን መጀመሪያ፣ ፕሮፋይሉን መጨረሻ አድርግ። የፕሮፋይሉ ነጥብ ከከርቩ ጋር የሚታሰረው «ፒርስ» በሚባለው ሪሌሽን (ማሰሪያ) ነው፤ ስኬቹ ደግሞ ሊይዝ የሚችለው ፊቸር ትሪው (የሥራህ ደረጃዎች በቅደም ተከተል የሚታዩበት ዝርዝር) ላይ ከእሱ በላይ ያለውን ብቻ ነው። ብዙ ልጆች ፒርስን ትተው «ኮይንሲደንት» (ነጥቡን መስመሩ ላይ ብቻ የሚያስቀምጠውን) ይሰጣሉ። ስክሪኑ ላይ ልክ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ፒርስ ማለት ከርቩ የስኬቹን ፕሌን (የተሣለበትን ጠፍጣፋ ገጽ) በስቶ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ጨርቅ የወጋ መርፌ አስብ፤ ነጥብህ መቀመጥ ያለበት መርፌው በበሳው ቀዳዳ ላይ ነው፣ ሌላ ቦታ አይሆንም።

ሁለተኛው የኤረር ምንጭ የሄሊክሱ «ስታርት አንግል» (መነሻ አንግል) ነው። ሳጥኑ ሲከፈት 135 ዲግሪ ላይ ታገኘው ይሆናል። እንዲሁ ኦኬ ካልከው ሄሊክሱ ሶፍትዌሩ ከሚሰጥህ ከፍሮንትም (ከፊት) ከራይትም (ከቀኝ) ፕሌን ውጪ ይጀምርና ፕሮፋይሉን የምትሥልበት ፕሌን ታጣለህ። 0፣ 90፣ 180 ወይም 270 አድርገው፤ ያኔ መነሻው ካሉህ ፕሌኖች አንዱ ላይ ያርፋል። የዙሩን አቅጣጫም እዚያው ወስን። ሞተሩ ወዴት እንደሚዞር ሳታውቅ ከወሰንክ እህሉን ወደ መውጫው ሳይሆን ወደ መግቢያው የሚገፋ ስክሩ ትሠራለህ፤ ከተበየደ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም።

አሁን ወደ መዝመሙ። አንድ ሄሊክስ ብቻ ፓዝ (ፕሮፋይሉ የሚሄድበት መንገድ) አድርገህ ስትሰጠው ሶፍትዌሩ ፕሮፋይሉን በየነጥቡ እንዴት አቁሞ እንደሚወስደው በራሱ ይወስናል። አንተ የምትፈልገው ክንፉ ከዘንጉ ጋር ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው፤ ይህን ደግሞ ልትነግረው ይገባል። አንዱ መንገድ ሁለት ሄሊክስ መሥራት ነው፦ አንዱ ከ60 ሚሊ ክብ፣ ሌላው ከ200 ሚሊ ክብ፣ ፒቹ፣ የዙሩ ብዛት፣ መነሻ አንግሉና አቅጣጫው አንድ ዓይነት። የውስጡ ፓዝ፣ የውጪው ጋይድ ከርቭ (ፕሮፋይሉን የሚመራ መስመር) ይሆናል። የፕሮፋይሉን ውስጠኛ ጎን ከአንዱ፣ ውጪኛ ጎኑን ከሌላው ጋር በፒርስ እሰር። መዝመሙ ይጠፋል።

ግን እዚህ ላይ ማንም የማይነግርህ ችግር አለ። 4 ሚሊ ስፋት ያለው አራት ማዕዘን በዘንጉ መሃል በሚያልፍ ፕሌን ላይ ሥለህ ስታዞረው፣ 4 ሚሊ የሚሆነው በዘንጉ አቅጣጫ ሲለካ ብቻ ነው። ክንፉ የተጋደመ ስለሆነ እውነተኛው ውፍረት ከዚያ ያንሳል። በአንተ መለኪያ ዘንጉ አጠገብ ሄሊክሱ ወደ 47 ዲግሪ ይጋደማል፤ ስለዚህ ላሜራው እዚያ 2.7 ሚሊ ግድም ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ ውጪው ጠርዝ ላይ ደግሞ 3.8። እንዲህ ያለ ላሜራ ገበያ ላይ የለም። ክብደቱንም ጥንካሬውንም ከዚህ ሞዴል ካወጣህ ተሳስተሃል።

ስለዚህ እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። በዘንጉ መሃል አንድ ቀጥ ያለ መስመር እሥላለሁ፤ ርዝመቱ የኮንቬየሩን ያህል፣ ለምሳሌ 2000 ሚሊ። ያ ፓዜ ነው። ከዚያ መነሻው ላይ ከመሃል 30 ሚሊ ርቃ ጀምራ 100 ሚሊ ላይ የምታልቅ አንዲት አጭር መስመር እሥላለሁ። ቀጥሎ ሰርፌስ ስዊፕ (ውፍረት የሌለው ገጽ የሚያወጣው)፣ ትዊስት (መጠምዘዙ) «በሪቮሉሽን» ማለትም በዙር ብዛት፣ 10 ዙር። 2000 ለ200 ሲካፈል ማለት ነው። የክንፉ ቆዳ ሳይዛባ ይወጣልሃል። ቀጥሎ «ቲክን» (ማወፈሪያ) ብለህ 4 ሚሊ ስትሰጠው ውፍረቱን ከገጹ ጋር ቀጥ አድርጎ ስለሚጨምር በየትም ብትለካው 4 ሚሊ ነው። እንደ እውነተኛ ላሜራ። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ደግሞ የዚያ ሰርፌስ ሁለቱ ጠርዞች ራሳቸው ሄሊክሶች መሆናቸው ነው፤ የምትፈልጋቸውን ከርቮች ሳትሠራቸው አገኘሃቸው።

እነዚያን ጠርዞች ለምን እንደምትፈልጋቸው ደግሞ ልንገርህ። መጀመሪያ የሠራሁት ኮንቬየር ለእህል ማበጠሪያ ነበር። ሞዴሉ ያማረ ነበር። ላሜራውን ግን በቀለበት ቅርጽ፣ ቀዳዳውን እንደ ዘንጉ 60፣ ውጪውን 200 አድርጌ በፕላዝማ አስቆረጥኩ፤ 12 ፍሬ። በያጁ አንዱን ሰንጥቆ ዘንጉ ላይ አስገብቶ ሁለቱን ጫፎች በፒቹ ያህል ለማራራቅ መጎተት ሲጀምር ላሜራው ፒቹ ግማሽ ሳይደርስ ዘንጉን ነክሶ ያዘ። ሰውዬው በብየዳ የኖረ ሰው ነው፤ መዶሻውን አስቀምጦ «ይሄ ቀዳዳ ጠባብ ነው ልጄ፣ ሲለጠጥ ይጠባል» አለኝ። ልክ ነበር። ቀዳዳው 60 ከሆነ ጠርዙ 188 ሚሊ ነው፤ አንድ ዙር ሲጠመጠም ግን 275 ሚሊ መሄድ አለበት። ከየት ያመጣዋል? አሥራ ሁለቱም ላሜራ ተጣለ።

ከዚያ ወዲህ ከርቩን ሳልለካ ላሜራ አላስቆርጥም። አንተም እንዲህ አድርግ። የአንድ ዙር ጠርዝ «ሜዠር» አድርገህ ለካ፤ ወይም በእጅህ አስላው፦ ዲያሜትሩን በ3.14 አባዛ፣ ስኩዌር አድርግ፣ የፒቹን ስኩዌር ደምርበት፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ። በአንተ መለኪያ የውጪው 659፣ የውስጡ 275 ሚሊ ይመጣል። የክንፉ ወርድ 70 ነው። 70ን በ275 አባዝተህ ለሁለቱ ርዝመት ልዩነት፣ ለ384 ስታካፍለው 50 ታገኛለህ። የጠፍጣፋው ላሜራ የውስጥ ራዲየስ እሱ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው 100፣ የውጪው ዲያሜትር 240 ሆኖ ይቆረጣል፤ አንድ ሙሉ ዙር ብቻ እንዲሰጥህም ከቀለበቱ 45 ዲግሪ ያህል ይወጣለታል። ሲጎተት ዘንጉ ላይ ልክ ይቀመጣል። እኔ ቀዳዳውን ለብየዳ ብዬ አንድ ሁለት ሚሊ አሰፋዋለሁ።

ወደ ሌላው ጥያቄህ ስመለስ፣ ሪፈረንስ ከርቭ ትሪው ላይ ራሱን ችሎ የሚቀመጥ ፊቸር (የሥራ ደረጃ) ነው፤ ስኬች አይደለም። ዳይሜንሽን አትሰጠውም፣ አትቆርጠውም። መቁረጥ ወይም ማስተካከል ከፈለግህ 3ዲ ስኬች ከፍተህ «ኮንቨርት ኢንቲቲስ» (ከርቩን ወደ ስኬች መቅጃ) አድርገው፤ ያኔ በእጅህ ይሆናል። «ኮምፖዚት ከርቭ» ደግሞ ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ጠርዞችን፣ ስኬቾችንና ከርቮችን አንድ ላይ ይሰፋቸዋል፤ ሄሊክስህ መጨረሻ ላይ ቀጥ ያለ ጭራ ካስፈለገው እሱን ተጠቀም።

ሞተሩን ዞሮ የሚመጣውን የመግቢያ ቱቦ እንዴት ላውጣው ላልከው፣ ብዙ ሰው «ፕሮጀክት ከርቭ»ን፣ ስኬች ኦን ስኬች የሚለውን ይመክርሃል። አሠራሩ ግልጽ ነው፦ ከጎን የሚታየውን አንድ ፕሌን ላይ፣ ከላይ የሚታየውን ሌላ ፕሌን ላይ ትሥላለህ፤ ሁለቱን እንደ ግድግዳ ብታስረዝማቸው የሚገናኙበት መስመር ከርቭህ ነው። ለሚፈስ ቅርጽ፣ ለፕላስቲክ እጀታ ወይም ለሞልድ የሚያህለው የለም። ለቱቦ ግን አልመክርህም። የቱቦ ማጠፊያ ማሽን የሚያውቀው ቀጥታ፣ እጥፋት፣ ቀጥታ ነው፤ የእጥፋቱ ራዲየስም የሚወሰነው በዳዩ (ቱቦው ዙሪያው በሚታጠፍበት የማሽኑ ክፍል) ነው። ፕሮጀክት ከርቭ በየነጥቡ ራዲየሱን የሚቀያይር መስመር ይሰጥሃል፤ ማሽን ላይ ያለው ሰው ምን ያድርገው? ለቱቦ 3ዲ ስኬች ውስጥ ቀጥታ መስመሮችን ሥል፣ ማዕዘኖቹን በዳዩ ራዲየስ ፊሌት አድርግ (አክብባቸው)። ራዲየሱን ሳትሥል በፊት ወርክሾፑን ጠይቅ።

ከነጥብ ፋይል ስለሚወጣው «ከርቭ ስሩ ኤክስ ዋይ ዜድ» አጭር ነገር ልበል፣ ለዚህ ሥራ ስለማያስፈልግህ። ፋይሉ ሦስት የቁጥር ዓምድ ብቻ ይሁን፣ ርዕስ አትጻፍበት። ከርቩ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ስለሚያልፍ በእጅ ለክተህ ያመጣኸው ነጥብ ግማሽ ሚሊ ከተሳሳተ ሞገድ ሆኖ ይወጣል። ነጥብ አብዝተህ አታጽዳው፤ ቀንስ።

ፋይልህን ከፍተህ መጀመሪያ የስታርት አንግሉን እይልኝ። ከዚያ በትዊስቱ መንገድ አንድ ዙር ብቻ አውጥተህ የሁለቱን ጠርዝ ርዝመት ጻፍልኝ። 659 እና 275 ካልመጣ ላሜራ ሳታስቆርጥ ስኬቹን ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።