ሆስፒታል ውስጥ ለያዘ የሳንባ ምች፦ 7 ቀን ወይስ 14?

ሰላም እህቴ። ታካሚሽ ሆስፒታል በተኛ በ5ኛው ቀን የሳንባ ምች ያዘው። በሁለት አንቲባዮቲኮች፣ በሜሮፔኔምና በቫንኮማይሲን፣ 7 ቀን ሞላው። ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ኤክስሬዩ ግን አልጠራም። «ላቁም ወይስ እስከ 14 ልቀጥል?» ነው ያልሽው። እኔ ብሆን አቆማለሁ።

ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም) እያለሁ እኔም ሁሉንም 14 ቀን ነበር የምሰጠው። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ ከበላዮቼ ያየሁት ነው። አንድ አባት ግን አይረሱኝም። በ6ኛው ቀን ከኦክስጅን ወጥተው፣ ቁጭ ብለው መብላት ጀምረው ነበር። ኤክስሬዩን አይቼ ፈራሁና ቀጠልኩ። በ11ኛው ቀን ኃይለኛ ተቅማጥ ጀመራቸው። ኩላሊታቸውም ተጎዳ። ልጃቸው መድኃኒቱን በየቀኑ ከውጭ ፋርማሲ እየገዛ ነበር የሚያመጣው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኤክስሬይ ሁሌም ከታካሚው ወደ ኋላ ይቀራል፤ በተለይ አረጋውያን ላይ ለመጥራት ሳምንታት ይፈጃል። አንቺ ትኩሳቱን፣ አተነፋፈሱን፣ የደም ግፊቱን፣ ስንት ኦክስጅን እንደሚፈልግ እይ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ በቬንቲሌተር (በመተንፈሻ ማሽን) ላይ ሳሉ ምች የያዛቸው 401 ታካሚዎች ግማሹ 8 ቀን፣ ግማሹ 15 ቀን ታከሙ። በሞት ልዩነት አልታየም። የ2016ቱ የአሜሪካ መመሪያም 7 ቀን ይላል። ግን እዚያው ጥናት ላይ፣ ምቹን ያመጡት ፕሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያና መሰሎቹ ከሆኑ በ8 ቀን የቆሙት ላይ ኢንፌክሽኑ በብዛት ተመልሷል። እኛ ዋርድ ውስጥ ከነዚሁ መሰሎች እነ አሲኔቶባክተር ስለማይጠፉ ይህን አትርሺ። ካቆምሽም በኋላ በደንብ መከታተል ነው።

ቫንኮማይሲኑን ግን ካልቸሩ (የባክቴሪያ ምርመራው) ኤምአርኤስኤን፣ ማለትም ብዙ መድኃኒት የማይበግረውን የስታፍ ኦሬየስ ባክቴሪያ፣ ካላሳየ በ2ኛው ወይ በ3ኛው ቀን ማቆም ነበረብሽ። አሁንም አልረፈደም።

7 ቀን የማይበቃቸው አሉ። ሳንባው ዙሪያ መግል ከቋጠረ፣ ሳንባው ውስጥ መግል የያዘ እብጠት ከሠራ፣ ወይም ስታፍ ኦሬየስ ደም ውስጥ ከተገኘ ረዘም ይላል። ለደሙ ቢያንስ 14 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ካልቸሩ ንጹሕ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነው። በ7ኛው ቀን ያልተሻለውን ሰው ደግሞ ዝም ብለሽ ቀን አትጨምሪለት። አልትራሳውንድ አድርጊ፣ ካልቸር ድገሚ፣ ካቴተሮቹን (ሰውነቱ ውስጥ የገቡትን ቱቦዎች) ፈትሺ፣ የሳንባ ደም ሥር መዘጋትንም አስቢ።

ካቆምሽለት በኋላ ለ2፣ 3 ቀን ሙቀቱንና ኦክስጅኑን ራስሽ እዪለት። የካልቸሩ ውጤት ሲመጣ እዚሁ ጻፊልን።