ቴሲሴ መሃል ላይ ዞቴሮ ልጀምር?

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን አጋምሻለሁ፤ ሪፈረንሶቼን እስካሁን በእጄ ነው የምጽፈው። አሁን ዞቴሮ የተባለውን ሪፈረንስ ማደራጃ ሶፍትዌር ብጀምር ጊዜ ይፈጅብኛል? ሲቪዬ ላይ ባሰፍረውስ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ጀምሪ እህቴ። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ኢንድኖት የሚከፈልበት ስለሆነ ዩኒቨርሲቲሽ ካልገዛልሽ እርሽው። ሜንደሌይም በነጻ ይገኛል፤ እኔ ግን ዞቴሮን እመርጣለሁ፤ የሰበሰብሽውን ይዘሽ ወደ ሌላ ሶፍትዌር መሄድ ብትፈልጊ አያስቸግርም።

የጽሑፉን ዲኦአይ (ጽሑፉ የሚለይበትን ቋሚ የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ለዞቴሮ ስትሰጪው የጸሐፊውን ስም፣ ርዕሱን፣ ቅጹንና ገጹን ራሱ ይሞላል። ወርድ ላይ ሳይቴሽኑን (በጽሑፉ መሃል ምንጩን የሚጠቅሰውን) በዞቴሮ ካስገባሽ የመጨረሻው የሪፈረንስ ዝርዝር በራሱ ይሰለፋል። አማካሪሽ በመጨረሻው ሳምንት «የሪፈረንስ አጻጻፍ ስልቱን ከኤፒኤ ወደ ቫንኩቨር ቀይሪው» ቢሉሽ አንድ ምርጫ መቀየር ብቻ ነው። በእጅ ያስገባሻቸውን የድሮዎቹን ግን አንድ በአንድ መተካት አለብሽ፤ እሱ አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሶፍትዌሩ የሞላውን ሳያዩ ማመን ነው። ወርልድ ኸልዝ ኦርጋናይዜሽን ያወጣውን ሪፖርት ስታስገቢ ስሙ እንደ ሰው ስም ለሁለት ተከፍሎ ከተመዘገበ፣ ዝርዝርሽ ላይ «ኦርጋናይዜሽን፣ ደብሊው. ኤች.» የሚባል ሰው ይወለዳል! ፈታኝ ይህን በአንድ እይታ ነው የሚይዘው። ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭነሽ ሁለቱን ሳጥን አንድ አድርጊውና ሙሉ ስሙን ጻፊበት። ርዕሱ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ገብቶ እንደሆነም እዚያው አስተካክይ። ማጣራቱን ምንጩን በምታስገቢበት ሰዓት ጨርሺው፤ ማስረከቢያው ሲደርስ ጊዜ አይኖርሽም።

ወደ ሲቪው ስመጣ፣ «ዞቴሮ እችላለሁ» የምትል መስመር ለሽያጭ ሥራ ቦታ ከማጣበብ አታልፍም። ለጥናት ረዳትነት፣ ለአርትዖት ወይም ለቤተ መጻሕፍት ሥራ ስታመለክቺ ግን ክብደት አላት፤ ያውም የሠራሽበትን ከገለጽሽ። «ለጥናት ቡድናችን የጋራ የሪፈረንስ ማኅደር አደራጅቻለሁ» ብትይ ቀጣሪው ይገባዋል። ይህን ለመጻፍ መሥራት ያስፈልጋልና ከክፍል ጓደኞችሽ ጋር ዞቴሮ ላይ ግሩፕ ክፈቱ፤ በነጻ ነው። ብዙ ሰው ሲያስገባ አንዱ ጽሑፍ ሁለት ሦስት ጊዜ መደገሙ አይቀርም። ዞቴሮ ድግግሞሾቹን ለብቻ ያሳይሻል፤ ማዋሃዱን ተለማመጂ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሊጠይቁሽ ይችላሉ።