ራውተር ዝም ሲል፦ በትእዛዝ መስመር መሥራት ለምትጀምሩ ወጣቶች

ወጣት የሙያ ልጆቼ፣

የሲስኮ ራውተር (ኔትወርኮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ መሣሪያ) ትእዛዝ ሲቀበል ዝም ይላል። የፊደል ግድፈት ካለ የተሳሳታችሁበትን ቦታ በትንሽ ምልክት አመልክቶ ይነግራችኋል። አጻጻፉ ልክ ሆኖ ሐሳቡ የተሳሳተ ትእዛዝ ሲደርሰው ግን አንዳች ሳይናገር ተቀብሎ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ጀማሪዎች ይህን ዝምታ «ሠርቷል» ብለው እየተረጎሙት ይሄዳሉ፤ ችግሩ ሲገለጥ ከተሠራው ሃያ ነገር የትኛው እንዳበላሸው መለየት ያቅታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ «ሾው» (አሳየኝ) ብላችሁ የመጠየቅ ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ይኑራችሁ። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ የሥራ ቅደም ተከተልም በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

አዲስ ራውተር አይፒ አድራሻ ስለሌለው የምትገቡበት በር የኮንሶል ፖርቱ ነው። በአንድ ጫፉ አርጄ 45፣ በሌላው ዩኤስቢ ወይም ባለ 9 ፒን ሲሪያል የሆነውን የኮንሶል ኬብል ያዙ፤ መደበኛ የኔትወርክ ኬብል ቅርጹ ቢገጥምም ቀጥታ አይሠራም፣ የውስጥ ሽቦዎቹ አደራደር ይለያል። እንደ ፑቲ ባለ ፕሮግራም ፍጥነቱን 9600፣ ዳታ ቢት 8፣ ፓሪቲ የለም፣ ስቶፕ ቢት 1፣ ፍሎው ኮንትሮል የለም አድርጋችሁ ክፈቱ። በስክሪኑ ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ከመጣ የተሳሳተው ፍጥነቱ ነው። ጽሑፉ እየታየ የምትጽፉት ካልገባ ፍሎው ኮንትሮሉን እዩ። ምንም ካልታየ ደግሞ ኢንተር ተጫኑ፤ አሁንም ጸጥ ካለ ኮምፒውተሩ ለኬብሉ የሰጠውን የኮም ፖርት ቁጥር አረጋግጡ።

ባዶ ራውተር ሲነሣ ኮንፊገሬሽኑን (የሚሠራባቸውን የትእዛዝ መስመሮች) በጥያቄና መልስ ላሠራችሁ ይላል። «ኖ» ብላችሁ እለፉት። ራሳችሁ ያልጻፋችሁት መስመር ውስጡ ሲገኝ በኋላ ምንጩን ፍለጋ ትደክማላችሁ።

ከዚያ ዓይናችሁን በመስመሩ ግራ ጫፍ ላይ አድርጉ። ከስሙ ቀጥሎ የበላጭ ምልክት ከታየ ማየት እንጂ መቀየር አይቻልም። «ኢኔብል» ስትሉ ወደ # ይለወጣል። «ኮንፊገር ተርሚናል» ስትሉ በቅንፍ ውስጥ የኮንፊገሬሽን ምልክት ይጨመራል፣ ኢንተርፌስ (የኔትወርክ ኬብል የሚሰካበት ፖርት) ውስጥ ስትገቡም ቅንፉ ያንን ይናገራል። አዲስ ሰው «ትእዛዙን እምቢ አለኝ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው ትእዛዙ ሳይሆን የቆመበት ቦታ ነው። የጥያቄ ምልክት ብትጫኑ እዚያ ቦታ ላይ የሚሠሩትን ትእዛዞች ይዘረዝራል፤ ታብ የጀመራችሁትን ቃል ይጨርስላችኋል። አሳጥሮ መጻፍን ሙሉውን ቃል በደንብ እስክታውቁት ድረስ አቆዩት።

መጀመሪያ ስም ስጡት፤ «ሆስትኔም» ብላችሁ፣ ያለበትን ቦታና ሥራውን የሚናገር ስም። ሦስት መስኮት ከፍታችሁ ስትሠሩ ከተሳሳተ ራውተር ላይ እጃችሁን የሚመልሰው ይህ ስም ነው። ቀጥሎ «ኖ አይፒ ዶሜይን ሉክአፕ» በሉ። ይህ ካልተደረገ ራውተሩ አንድ ቃል አሳስታችሁ ስትጽፉ የሌላ መሣሪያ ስም መስሎት አድራሻውን ሊፈልግ ይነሣና ያስጠብቃችኋል። ከገባችሁበት ደግሞ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና 6ን አንድ ላይ መጫን ያስወጣል። «ላይን ኮንሶል 0» ገብታችሁ «ሎጊንግ ሲንክሮነስ» ጨምሩ፤ ያለዚያ ራውተሩ የሚልካቸው መልእክቶች እየጻፋችሁት ባለው ትእዛዝ መሀል ይገባሉ። ሰዓቱንም አስተካክሉ። ሎጉ (ራውተሩ የሚይዘው የክስተቶች መዝገብ) ላይ የተጻፈው ሰዓት ካልታመነ ችግሩ መቼ እንደጀመረ የሚነግራችሁ አይኖርም።

አሁን ወደ የይለፍ ቃል እንምጣ፤ እዚህ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። «ኢኔብል ፓስወርድ» እና «ኢኔብል ሲክሬት» የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች አሉ። የመጀመሪያው ቃሉን ኮንፊገሬሽኑ ውስጥ እንዳለ ያስቀምጠዋል፤ ሁለተኛው ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት (ሐሽ) ይለውጠዋል። ሁልጊዜ ሁለተኛውን ተጠቀሙ። «ሰርቪስ ፓስወርድ ኢንክሪፕሽን» የሚለውን ትእዛዝ እንደ መከላከያ የሚቆጥሩ አሉ፤ የሚያደርገው ግን ዓይነት 7 በሚባለው ደካማ ዘዴ መሸፈን ሲሆን፣ ያንን በቅጽበት የሚፈታ መሣሪያ ማንም እጅ ይገባል። አጠገባችሁ ከቆመ ሰው ዓይን ይሰውራል፣ ከዚያ አያልፍም። አንድ ልብ የማይባል ነገር ልጨምር፦ የይለፍ ቃሉን ከሌላ ፋይል ገልብጣችሁ ስትለጥፉ ከመጨረሻው ፊደል በኋላ ባዶ ቦታ ተከትሎ ከገባ ራውተሩ እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። በኋላ ትክክለኛውን ቃል ስትጽፉ አይቀበላችሁም፣ ባዶ ቦታው ደግሞ ስክሪን ላይ አይታይም። የይለፍ ቃልን በእጅ መጻፍ ይሻላል።

ከርቀት ለመግባት ኤስኤስኤችን (ግንኙነቱን የሚመሰጥረውን መንገድ) ብቻ ፍቀዱ፤ ቴልኔት የይለፍ ቃላችሁን ሳይሸፍን በመንገዱ ላይ ይልከዋል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ስሙን ቀድማችሁ ሰጥታችኋል፤ «አይፒ ዶሜይን ኔም» ብላችሁ ዶሜይን ጨምሩ። ኤስኤስኤች የሚመሰጥርበት ቁልፍ የሚሰየመው ከሁለቱ ስለሆነ አንዱ ቢጎድል ራውተሩ ቁልፍ አልሠራም ይላል። «ክሪፕቶ ኪ ጄኔሬት አርኤስኤ ሞዱለስ 2048» በሉ። «አይፒ ኤስኤስኤች ቨርዥን 2» አስከትሉ። በ«ዩዘርኔም» ተጠቃሚ ፍጠሩ፣ እዚህም «ሲክሬት» እንጂ «ፓስወርድ» አትበሉ። ከዚያ ወደ «ላይን ቪቲዋይ 0 4» (ከርቀት የሚገባባቸው አምስት መስመሮች) ገብታችሁ «ሎጊን ሎካል» እና «ትራንስፖርት ኢንፑት ኤስኤስኤች» ጻፉ። ተጠቃሚ ሳትፈጥሩ «ሎጊን ሎካል» ብትሉ ራውተሩ ያለ አንድ ቃል ተቃውሞ ይቀበላል፤ በርቀት የሚገባ ግን አይኖርም። ብዙ ራውተሮች ከ5 እስከ 15 ያሉ ተጨማሪ መስመሮችም አሏቸው። «ሾው ራኒንግ ኮንፊግ» ብላችሁ ካገኛችኋቸው ለእነሱም ያንኑ ጻፉ፤ ካልሆነ አምስቱ መስመሮች ሲያዙ የሚመጣው ስድስተኛው ሰው በሌላ ሕግ ይስተናገዳል።

የኮንሶሉን መስኮት ከመዝጋታችሁ በፊት ሁለተኛ መስኮት ከፍታችሁ በኤስኤስኤች ግቡ። ይህን መለማመድ ብዙ የሌሊት ጉዞ ያስቀራል።

ኢንተርፌስ ላይ ስትደርሱ ስሙን አትገምቱ። በአንዱ ሞዴል ጊጋቢት ኢተርኔት 0/0 የሆነው በሌላው 0/0/0 ነውና «ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» ብላችሁ ከሰንጠረዡ አንብቡ። ወደ ውስጡ ግቡና በ«ዲስክሪፕሽን» ኬብሉ ወዴት እንደሚሄድ ጻፉ፤ ከሌላው ጫፍ ያለውን መሣሪያና ፖርቱን። ከዚያ «አይፒ አድረስ 192.168.10.1 255.255.255.0»፣ ከዚያ «ኖ ሻትዳውን»። የራውተር ኢንተርፌስ ከፋብሪካው ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ የመጨረሻዋን ትእዛዝ ረስቶ ኬብል ሲቀያይር የሚውል ጀማሪ ጥቂት አይደለም።

ያው ሰንጠረዥ ሁለት የሁኔታ ዓምዶች አሉት። «አድሚኒስትራቲቭሊ ዳውን» ከሆነ «ኖ ሻትዳውን» ጎድሏል፤ መፍትሔው ትእዛዝ ነው። ሁለቱም «ዳውን» ከሆኑ ኬብሉን ወይም ከወዲያ ያለውን መሣሪያ እዩ። የመጀመሪያው «አፕ» ሁለተኛው «ዳውን» ከሆነ ሽቦው ደኅና ነው፣ ሁለቱ ወገኖች በአነጋገር አልተስማሙም ማለት ነው፤ በሲሪያል መስመር ላይ የኢንካፕሱሌሽን (የመረጃ አጠቃለል ዘዴ) ልዩነት ወይም ያልተሰጠ የክሎክ ሬት (የመስመሩ የጊዜ ምት) ይሆናል። ሁለቱም «አፕ» ሲሆኑም ሥራው አላበቃም።

የሰብኔት ማስክ (ከአድራሻው የትኛው ክፍል ኔትወርኩን እንደሚያመለክት የሚናገረው ቁጥር) ስህተትን ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። 255.255.255.0 ማለት ፈልጋችሁ 255.255.0.0 ጻፋችሁ እንበል። ራውተሩ ትክክለኛ ማስክ ስለሆነ ይቀበላል፣ ኢንተርፌሱ «አፕ» ይላል፣ በዚያ ፖርት ላይ ያሉት ኮምፒውተሮችም ይመልሳሉ። ትንሽ ቆይታችሁ በሁለተኛው ኢንተርፌስ ላይ 192.168.20.1ን ስትሰጡ ግን አድራሻው ከመጀመሪያው ጋር ይደራረባል ብሎ እምቢ ይላል። ሰው በዚህ ጊዜ ሁለተኛውን ኢንተርፌስ ሲመረምር ይውላል፤ ጥፋቱ ያለው ተቀባይነት ያገኘው የመጀመሪያው ላይ ነው። መልእክቱን እስከ መጨረሻው ብታነቡት የመጀመሪያውን ኢንተርፌስ ስም ጠርቶ ይነግራችሁ ነበር።

ወደ ውጭ የሚወስደውን መንገድ «አይፒ ራውት 0.0.0.0 0.0.0.0» ብላችሁ የሚቀጥለውን ራውተር አድራሻ በማስከተል ስጡ። በኢተርኔት ላይ በአድራሻው ፈንታ የራሳችሁን ኢንተርፌስ ስም ብቻ አትጻፉ። እንዲያ ከሆነ ራውተሩ ዓለም ላይ ያለ አድራሻ ሁሉ በዚያ ሽቦ ላይ የተቀመጠ ይመስለውና ለእያንዳንዱ በኤአርፒ (የአይፒ አድራሻው ባለቤት የትኛው መሣሪያ እንደሆነ በሚጠየቅበት ዘዴ) ይጠይቃል፤ ከወዲያ ያለው ራውተር ስለ ሌሎች ካልመለሰለት ምንም አይሄድም።

አሁን ግንኙነቱን በ«ፒንግ» ፈትኑ፤ ፒንግ አምስት ፓኬት (ትንንሽ የመረጃ ጥቅል) ይልካል። የቃለ አጋኖ ምልክት መልስ መጣ፣ ነጥብ ደግሞ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልስ አልመጣም ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ነጥብ ሆና ቀሪዎቹ አራቱ ቢመለሱ አትደንግጡ፤ ኤአርፒ እስኪመለስ የጠፋች ፓኬት ናት። ከራውተሩ ራሱ የሚደረግ ፒንግ የሚወጣው በወጪው ኢንተርፌስ አድራሻ ስለሆነ የተጠቃሚዎቻችሁን ሁኔታ አያሳይም። «ሶርስ» ብላችሁ የውስጡን ኢንተርፌስ ጨምራችሁ ድገሙት።

እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ ራም ላይ ነው ያለው፤ መብራት ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። «ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርትአፕ ኮንፊግ» ስትሉ ወደ ኤንቪራም (መብራት ቢጠፋም የያዘውን ወደማይረሳ ማስታወሻ) ይጻፋል። ነገር ግን የገለባበጡን አቅጣጫ ልብ በሉ። ከስታርትአፕ ወደ ራኒንግ መገልበጥ የተበላሸውን አያጠፋም፤ ባለው ላይ ይደርባል። ወደ ቀድሞው በትክክል መመለስ ስትፈልጉ «ኮንፊገር ሪፕሌስ» አለላችሁ።

ከርቀት ሆናችሁ አይፒ አድራሻ ወይም የአክሰስ ሊስት (የሚያልፈውንና የማያልፈውን የሚወስን ዝርዝር) የምትነኩ ከሆነ ራሳችሁን ውጭ ልትቆልፉ ትችላላችሁ። ደኅናውን ኮንፊገሬሽን ቀድማችሁ አስቀምጡ፣ ከዚያ «ሪሎድ ኢን 10» በሉ። ራውተሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ በራሱ ተነሥቶ ወደ ተቀመጠው ይመለሳል። ለውጡን አድርጉ፣ እንደገና ግቡና አረጋግጡ፣ «ሪሎድ ካንስል» በሉ፣ ከዚያ ብቻ አስቀምጡ። ሳታረጋግጡ አስቀምጣችሁ ብትቆለፉ ራውተሩ የሚነሣው በተበላሸው ነው። በኤስኤስኤች ገብታችሁ የራውተሩ መልእክቶች ካልታዩ «ተርሚናል ሞኒተር» በሉ፤ መልእክቶቹ ሳትጠይቁ የሚመጡት በኮንሶሉ ላይ ነው።

የይለፍ ቃሉ የጠፋ ራውተር ከገጠማችሁ መንገዱ በኮንሶሉ በኩል ነው። አጥፍታችሁ አብሩት፣ በመጀመሪያዎቹ 60 ሰከንዶች ውስጥ የብሬክ ምልክት ላኩ፣ ሮምሞን (ዋናው ሥርዓት ከመነሣቱ በፊት የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ውስጥ ስትገቡ የኮንፊገሬሽን ሬጅስተሩን (ራውተሩ እንዴት እንደሚነሣ የሚወስነውን ቁጥር) በሄክሳዴሲማል ወደ 2142 ቀይራችሁ «ሪሴት» በሉ። የተቀመጠውን ሳያነብ ባዶውን ይነሣል። «ኢኔብል» ብላችሁ ከገባችሁ በኋላ ስታርትአፑን ወደ ራኒንግ ገልብጡ፣ ሲክሬቱን ቀይሩ፣ ተዘግተው የምታገኟቸውን ኢንተርፌሶች በ«ኖ ሻትዳውን» ክፈቱ። ከዚያ ሬጅስተሩን ወደ 2102 መልሱና አስቀምጡ። ይህች ከተረሳች ራውተሩ ለወራት ሲሠራ ቆይቶ መብራት ሲቋረጥ ባዶ ሆኖ ይነሣል፤ ኮንፊገሬሽኑ ግን ኤንቪራም ውስጥ ሳይነካ ተቀምጧል። «ሾው ቨርዥን» ብትሉ የመጨረሻው መስመር ላይ ሬጅስተሩ ስንት እንደሆነና በሚቀጥለው መነሣት ስንት እንደሚሆን ይጽፋል። ከመሄዳችሁ በፊት ያንን መስመር አንብቡ።