ሳይበላ መግል የያዘ የፊት ጥርስ፦ ስለ ዴንስ ኢንቫጂናተስ ለቀረበው ጥያቄ

ባልደረባችን ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የ10 ዓመት ልጅ በላይኛው ግራ የጎን መቁረጫ ጥርሷ በላይ ድዷ አብጦ መግል ያወጣል፤ ጥርሷ አልተበላም፣ ወድቃም አልተመታችም፤ ኤክስሬዩ ግን በጥርሱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ጥርስ ያለ ያስመስላል። ነርቩን ከፍተው ሩት ካናል (የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ ቦታውን መሙላት) ይሥሩ ወይስ ጥርሱ ይነቀል? ይህን ዓይነት ጥርስ በልጆችና በወጣቶች ላይ ደጋግሜ ያከምሁ እንደመሆኔ፣ ከሁለቱም አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ መግሉ የሚመነጨው ከነርቩ ነው ወይስ ወደ ጥርሱ ውስጥ ከታጠፈው ክፍል የሚለው ነው እላለሁ።

ያዩት ነገር ሁለተኛ ጥርስ ሳይሆን ዴንስ ኢንቫጂናተስ የሚባለው ነው። ጥርሱ ገና ሳይጠነክር ኢናሜል (የጥርስን ጠንካራ የውጭ ልባጥ) የሚሠራው ሕብረ ሕዋስ እንደ ተገለበጠ የጓንት ጣት ወደ መሃል ታጥፎ በመግባቱ የተፈጠረ ከረጢት ነው። የከረጢቱ ግድግዳ በኢናሜል የተለበጠ ቢሆንም ልባጡ በተለይ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ይሳሳል፣ አንዳንድ ቦታም ጨርሶ አይኖርም፤ ስለዚህ በምላስ በኩል ባለችው ጠባብ ቀዳዳ የገባ ባክቴሪያ ከውጭ ምንም ሳይታይ ነርቩ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ይህም በአብዛኛው የሚሆነው ጥርሱ በበቀለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ የሥሩ ጫፍ ሳይዘጋ ነው፤ ሕክምናውን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

ኦህለርስ የተባለው ተመራማሪ በ1957 እ.ኤ.አ. ለዚህ ችግር ያወጣው ክፍፍል እስከ ዛሬ የምንሠራበት ነው። በመጀመሪያው ዓይነት እጥፋቱ ከጥርሱ አክሊል (ከድድ በላይ ካለው ክፍል) አያልፍም፤ በሁለተኛው ወደ ሥሩ ይገባል፣ ነገር ግን በዚያው ተደፍኖ ይቀራል፤ በሦስተኛው ሥሩን ዘልቆ በጎን ወይም በጫፍ በኩል ወደ አጥንቱ ይከፈታል። ሦስተኛው ከሌሎቹ የሚለየው እጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከነርቩ ጋር ስለማይገናኝ ነው። በዚህም ምክንያት በሥሩ ዙሪያ አጥንት ተበልቶ፣ ድዱም መግል እያወጣ፣ ነርቩ ግን በሕይወት ሊገኝ ይችላል።

ሁኔታው ግልጽ እንዲሆን አንድ ታካሚ ልጥቀስ። የ12 ዓመት ገደማ ልጅ በተመሳሳይ ጥርስ ላይ ፊስቱላ (መግል የሚወጣበት የድድ ቀዳዳ) ይዞ መጣ፤ ቀደም ሲል በተደጋጋሚ አንቲባዮቲክ ወስዶ መግሉ ይጠፋና ይመለስ ነበር። በፊስቱላው ቀዳዳ ቀጭን ጉታ ፐርቻ (በኤክስሬይ የሚታይ ላስቲክ መሰል የሥር መሙያ) አስገብተን ኤክስሬይ ስናነሳ፣ ጫፉ ያረፈው በሥሩ ጫፍ ላይ ሳይሆን በጎኑ አጋማሽ ነበር። ቅዝቃዜ በነካ ጥጥ ስንፈትነው ጥርሱ ልክ እንደ ቀኝ አቻው ፈጥኖ ተሰማው። ስለዚህ ነርቩን ሳንነካ እጥፋቱን ብቻ ከፍተን አጠብነው፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ (ባክቴሪያ የሚገድል ጊዜያዊ መድኃኒት) አኖርንበት፣ በቀጣዩ ቀጠሮም ሞልተን ዘጋነው። ፊስቱላው ደረቀ፤ ሥሩም በነርቩ ሕይወት ጫፉን ዘጋ። ሩት ካናል ቢሠራለት ኖሮ ሥሩ ስስና አጭር ሆኖ በቀረ ነበር።

በእርስዎም ታካሚ ላይ ይህንኑ ቅደም ተከተል ቢከተሉ ይበጃል። የቅዝቃዜውን ፈተና ከጎረቤት ጥርሶችና ከቀኝ አቻው ጋር ያነጻጽሩ፤ ሥሩ ባልተዘጋ ጥርስ ላይ የኤሌክትሪክ ፈተና ብዙ አያስተማምንም። ኤክስሬዩን ቱቦውን በአግድም አዙረው ከሌላ ማዕዘን ይድገሙት። ሲቢሲቲ (ሦስት ገጽታ የሚያሳይ ኤክስሬይ) በሚገኝበት ከተማ ከሆኑ ግን፣ ዋጋው ለቤተሰቡ ከባድ መሆኑን ባውቅም፣ ለእንዲህ ያለው ጥርስ ሳላመነታ አዝዘዋለሁ፤ እጥፋቱ የት እንደሚያልቅ ሁለት ገጽታ ብቻ ያለው ፊልም በእርግጠኝነት አያሳይም።

ነርቩ ሞቶ ከተገኘ ሥራው ይከብዳል። ራበር ዳም (ጥርሱን ከምራቅ የሚለይ የላስቲክ ሽፋን) አድርገው ነርቩንና እጥፋቱን ለየብቻ ይክፈቱ። በኢናሜል የተለበጠ ግድግዳ በፋይል (በቀጭን የሥር መፋቂያ) ተፍቆ ስለማይጸዳ ዋናውን ሥራ የሚሠራው በአልትራሳውንድ የታገዘ እጥበት ነው፤ ሥሩ ክፍት በመሆኑም ማጠቢያውን ሃይፖክሎራይት አቅጥነው፣ ጎኑ ክፍት በሆነ መርፌ፣ ከጫፉ ርቀው፣ ሳይጫኑ ያፍስሱ። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ለወራት መተው ዴንቲኑን (ከኢናሜሉ ሥር ያለውን የጥርስ አካል) ስለሚያዳክም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ እጠቀምበታለሁ። ከዚያም የሥሩን ጫፍ ኤምቲኤ ወይም ባዮዴንቲን በተባሉት የጥርስ ሲሚንቶዎች ደፍኖ ቀሪውን በሞቀ ጉታ ፐርቻ መሙላት ይቻላል፤ ሥሩ እጅግ አጭር ከሆነ የደም ዝውውር እንዲመለስ የሚያደርገውን ሕክምና ያስቡ። ለፊት ጥርስ ግራጫውን ኤምቲኤ አልመርጥም፣ ጥርሱን ያጠቁራል።

አንቲባዮቲክን በተመለከተ፣ መግሉ መውጫ ካገኘ፣ ትኩሳትና የፊት እብጠትም ከሌለ አያስፈልግም። መንቀልን ግን ወደ መጨረሻ ያቆዩት፤ የልጅቷ መንጋጋ እድገቱን እስኪጨርስ ኢምፕላንት (በአጥንት ላይ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ስለማይተከልላት በነዚያ ዓመታት አጥንቱ እየሳሳ ይሄዳል።

የቀኙን የጎን መቁረጫም ዛሬውኑ ይመልከቱ፤ ችግሩ በሁለቱም ወገን መገኘቱ የተለመደ ነው። አክሊሉ ከወትሮው ሰፋ ካለ ወይም በምላስ በኩል ጥልቅ ነጥብ ካለው፣ ኤክስሬይ አንስተው ነርቩ ጤነኛ ሆኖ ካገኙት ሳይቦረቡሩ አጽድተው በፊሲር ሲላንት (የጥርስ ስንጥቅ መድፈኛ) ወይም በቀጭን ኮምፖዚት (ጥርስ መሰል መሙያ) ይድፈኑት፤ በየስድስት ወሩም መድፈኛው አለመነሳቱን ያረጋግጡ። ታናናሽ ወንድምና እህት ካሏት፣ የጎን መቁረጫቸው እንደበቀለ ይዘዋቸው እንዲመጡ ለወላጆቿ ይንገሩ።