መልስ፦ በጠባብ ወጥ ቤት በርበሬና ሽሮ ስለ ማስቀመጥ

በኮንዶሚኒየም ቤትዎ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ በርበሬው እየጓጎለ፣ ሽሮውም እየነቀዘ እንዳስቸገረዎት ጠይቀዋል። ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት የምጣዱ ቦታ ነው፤ እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው በተነሣ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ከበላዩ ባለው መደርደሪያ ላይ ስለሚያርፍ፣ ክዳኑ በደንብ ባልገጠመ ዕቃ ውስጥ ያለ በርበሬ እርጥበቱን ስቦ ይጓጉላል። ስለዚህ የዓመቱን በርበሬ ጥብቅ ክዳን ባለው ባልዲ፣ ከምድጃው ርቆ፣ ብርሃን በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት፤ ለሳምንት የሚበቃዎትን ብቻ በትንሽ ጠርሙስ አጠገብዎ ያድርጉ። ወጥ በሚያማስሉበት ማንኪያ ፈጽሞ አይጭለፉበት፤ እኔ ብዙ የተደከመበት አንድ ሙሉ ባልዲ የሻገተብኝ በዚህች ስሕተት ነው፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

አዲስ የተፈጨ ሽሮ በአሮጌው ላይ አይገልብጡ፤ ነቀዙ ከታች ከቀረው ይሻገራልና። ማቀዝቀዣዎ ቦታ ካለው፣ ሽሮውን በትንንሽ ከረጢት ከፋፍለው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርሰው ክፍል ለ4 ቀናት ቢያቆዩት የነቀዙ እንቁላል ጭምር ይሞታል። ካወጡት በኋላ ግን ቅዝቃዜው እስኪለቀው ድረስ አይክፈቱት፤ ጤዛ ይይዛል። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ሳይፈጩ ቢቀመጡ መዓዛቸው ይቆያል።