ረጅሙን ሰው ከየት በኩል ልግባበት?

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ረጅም ሰውን በቦክስ ስለመግጠም ናቸው። ምን እንደተፈጠረ እንጃ፣ ጎንደር ውስጥ ሰው ሁሉ ድንገት ከመብራት ፖል ጋር የሚጋጠም ሆኗል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። መልሱን ግን ማሳጠር አልሆነልኝም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ዕድሜዬ 24 ነው፣ ቦክስ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከባድ ሚዛን ነኝ፣ ቁመቴ ግን 1.80 ሜትር ብቻ ነው። አብሮን የሚሠራ አንድ ልጅ አለ፣ 1.97 ሜትር። ጃቡ (ከፊት እጁ የሚወረውረው ቀጥተኛ ቡጢ) ሌላ ነው። ሦስት ጊዜ ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ገጥሜው ሦስቱንም ጊዜ አፍንጫዬን ይዤ ወጣሁ። ከሩቅ እንዳልመታው እጄ አይደርስም። ልጠጋው ስል ጃቡ ፊቴ ላይ ነው። እንደምንም ከገባሁ ደግሞ ያቅፈኝና ክብደቱን ይጥልብኛል። በሚቀጥለው ወር የእርስ በርስ ውድድር አለን፣ ዕጣው ከእሱ ጋር አገናኘኝ። ጓደኞቼ «ዝም ብለህ ግባበት» ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጓደኞችህ ጋር ለጊዜው ቡና ብቻ ጠጣ። የሚደማው የእነሱ አፍንጫ አይደለም።

ደብዳቤህን ሳነብ የት እንደምትቆም ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የእሱ ጃብ በደንብ የሚደርስበት፣ ያንተ ግን ምንም የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ቆመህ ታስባለህ። አሁን ልግባ ወይስ ትንሽ ልቆይ ትላለህ። ይህን ስትል ጓ! ያ ቦታ ኬላ በለው፣ በቆምክ ቁጥር ትከፍላለህ። ላንተ የሚሆኑህ ሁለት ቦታዎች ብቻ ናቸው። አንዱ የጓንቱ ጫፍ አፍንጫህ ጋ ለመድረስ አንድ ስንዝር የሚጎድለው ሩቁ ነው። ሌላው ግንባርህ ደረቱ ላይ የሚያርፍበት ቅርቡ ነው። መሃሉን ታልፈዋለህ፣ አትቆምበትም።

እንዴት ይታለፋል? ብዙ ሰው ጃቡ እየመጣ ነው የሚገባው፣ ያ ደግሞ ራስን በራስ መምታት ነው፣ ምክንያቱም የእሱ እጅ ፍጥነትና ያንተ እግር ፍጥነት ተደምረው ፊትህ ላይ ያርፋሉ። ጃብ መሄጃም መመለሻም አለው። ሲመለስ ያ እጅ ለአፍታ ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ ከሩቅ ሆነህ አስወርውረው። ትከሻህን ነቅነቅ፣ ግማሽ እርምጃ ገባ ብለህ መለስ በል፣ የምትገባ አስመስል። እሱ ይወረውራል፣ ያጥርበታል፣ እጁ ሲመለስ አንተ ተከትለኸው ትገባለህ፤ እንግዳ እስከ ቤቱ ደጃፍ እንደምትሸኝ።

የድሮ ታሪክ ልንገርህ። በ1936 አሜሪካዊው ከባድ ሚዛን ጆ ሉዊስ ተሸንፎ የማያውቅ ወጣት ነበር፣ ጃቡም ያስፈራ ነበር። ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ፊልሙን ደጋግሞ አየና አንድ ነገር ያዘ። ሉዊስ ጃብ ከወረወረ በኋላ ግራ እጁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚመልሰው። ሽሜሊንግ ያችኑ ክፍተት እየጠበቀ ቀኙን ከላይ አሳረፈባት። በ4ኛው ዙር ጣለው፣ በ12ኛው ዙር ጨረሰው። ሌላ ምሥጢር አልነበረውም። አንተም ከነገ ጀምሮ ስፓሪንግ ስትገጥም፣ ወይም ከሌላ ሰው ጋር ሲሠራ ጥግ ቁጭ ብለህ ስታየው፣ ዓይንህን ግራ ጓንቱ ላይ ትከል። የት ነው የሚመለሰው? አገጩ ጋ ነው ወይስ ወገቡ ጋ? ወገቡ ጋ ከሆነ ቀኝህን ከላይ ላክለት። አገጩ ጋ ከሆነ ልጁ በደንብ ተምሯል ማለት ነውና በሥር ሂድ።

ስለ ጭንቅላትህ። ሁለታችሁም ቀኞች ከሆናችሁ የእሱ ጃብ የሚመጣው ካንተ በስተቀኝ ካለው እጁ ነው። ጭንቅላትህን ወደ ቀኝህ ሸርተት አድርግ። ጃቡ በግራ ትከሻህ ላይ ያልፋል፣ ከባዱ ቀኝ እጁም ይርቅሃል። ወደ ግራህ ከሄድክ ግን ቀኝ ቡጢው ሥር ሄደህ ተሰለፍክ ማለት ነው። አልፎ አልፎ መሄድህ አይቀርም፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ከሆነ ይነቃብሃልና። ያኔ ቀኝ ጓንትህ አገጭህን አይልቀቅ። ደግሞ ከወገብህ አትጎንበስ፣ ከጉልበትህ ዝቅ በል። መሬት መሬት ካየህ አፐርከቱን፣ ከታች ወደ ላይ የሚመጣውን ቡጢ፣ አታየውም።

ያንተንም ጃብ አትርሳው። አጭር ሰው ጃብ አያስፈልገውም የሚሉ አሉ፣ አትስማቸው። ብቻ ፊቱን ትተህ ሆዱን ምታው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሆዱ ግን እግሩ ካልሄደ የትም አይሄድም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሆዱ ላይ ካገኘኸው ክርኑን ያወርዳል። ያን ጊዜ ላይኛው በር ገርበብ አለ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በወሬ አትለምደውም። እኔን ያስለመደኝ መጥረጊያ ነው። ፒያሳ አካባቢ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስንሠራ አሰልጣኛችን የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ በጨርቅ የታጨቀ አሮጌ ጓንት አስሮ፣ ሁለት ሜትር ርቆ ቆሞ ፊቴን ይወጋኝ ነበር። ይወጋል፣ እሸሻለሁ፣ ይወጋል፣ እሸሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን በመጣ ቁጥር ዓይኔን እጨፍን ነበር። ጓንቱ የላብና የእርጥብ ቆዳ ሽታ ነበረው፣ አፌ ላይ ሲያርፍ ጨው ጨው ይላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጨፈኑን ተውኩ። ያኔ እንጨቱ ሲመለስ ታየኝ፣ ተከትዬው ገብቼ የሰውዬውን ሆድ ነካሁት። ሳቀና ጠጋ ብሎ እንጨቱን አስረዘመው። አንተም ታናሽ ወንድምህን አስቸግረው፣ ሦስት ደቂቃ ሠርተህ አንድ ደቂቃ እያረፍክ። ሁለት ችካል መሃል በትከሻህ ልክ ገመድ ወጥረህ በሥሩ ወዲህ ወዲያ እያልክ መሄድም ጥሩ ነው፣ ጭንህ ይቃጠላል እንጂ።

አሁን ገባህ እንበል። ያቅፈኛል ብለሃል። ያቅፍሃል እንጂ፣ እሱም ብልጥ ነው! የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው ቭላድሚር ክሊችኮ 1.98 ሜትር ነበር፣ ለዓመታት ሰው ያደከመው በጃቡ ብቻ ሳይሆን አቅፎ በላይህ ላይ በመተኛት ጭምር ነው። አንገትህ ላይ መቶ ኪሎ ተጭኖህ አንድ ዙር ስትቆም እግርህ ያልቃል። ስለዚህ ስትገባ ጭንቅላትህ አገጩ ሥር ይሁን፣ ብብቱ ሥር አይግባ፣ እዚያ ከገባህ ቆልፎ ይይዝሃል። እጆችህ ከእጆቹ ውስጥ በኩል ይሁኑ። አንዱን እጅህን ቢይዘው በሌላው ምታ፣ ዳኛው «ብሬክ» (ተላቀቁ) እስኪል ድረስ። በጀርባህ ልታነሳው አትሞክር። ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ሂድ፣ ክብደቱን የጣለበት ቦታ ላይ አንተን ያጣል። አጭር ግራ ሁክ (ከጎን ዞሮ የሚመጣ ቡጢ) ከቀኝ ክርኑ ሥር ካገኘህ ጉበቱ እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ማቀፉን ራሱ ይረሳዋል።

ትልቁ ስህተት መውጫው ላይ ነው። ሦስት ቡጢ አሳርፎ፣ ደስ ብሎት፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚወጣ ልጅ ስንቱን አየሁ መሰለህ። ቀጥ ብለህ ስትወጣ መልሰህ በኬላው በኩል ነው የምታልፈው፣ እሱ ደግሞ ጃቡን አዘጋጅቶ እየጠበቀህ ነው። በጎን ውጣ፣ በተቻለህ በቀኝህ በኩል።

ይህን ስል የማይዋጥላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኛ ጎንደሬዎች ወደ ኋላ ማለት ነውር ይመስለናል። በልጅነታችን ጆሯችን የሞላው ፉከራና ቀረርቶ ነው፣ ሪንግ ውስጥም ፎክረን ቀጥ ብለን እንገባለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ የአፍንጫዬ አጥንት ምስክር ነው። ሪንግ ውስጥ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለህ ጃቡን ብታስጎድለው ማንም ፈሪ አይልህም። ቢልህም ነጥብ የሚይዘው ዳኛው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያንተ ውድድር ሦስት ዙር፣ ዙሩ ሦስት ደቂቃ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የምታያቸው ፕሮፌሽናሎች በ12 ዙር ሆድ እየደበደቡ ሰውዬውን ቀስ በቀስ ያወርዱታል። አንተ ያን ያህል ጊዜ የለህም። ሆዱን የምትመታው ክርኑን ለማስወረድ ነው፣ እሱ እስኪደክም አትጠብቅ። የመጀመሪያውን ዙር ለማጥናት ብለህ ከሰጠኸው ቀሪዎቹን ሁለቱንም መውሰድ ግዴታህ ይሆናል። ጥናትህን ከውድድሩ በፊት ጨርስ።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ክርክር ገጥመናል፣ ማኪያቶ ተወራርደናል። እሱ ዩክሬናዊው ከባድ ሚዛን ዩሲክ ረጅሙን እንግሊዛዊ ፉሪን ያሸነፈው ግራኝ ስለሆነ ብቻ ነው ይላል። እኔ አይደለም እላለሁ። ማን ይክፈል? (ከማራኪ)

መልስ፦ እሱ ይክፈል። ግን ግማሹን አንተም አዋጣ።

ግራኝነት ይረዳል፣ አይካድም። ሁለቱ የፊት እጆች ፊት ለፊት ስለሚገጥሙ ረጅሙ ሰው ጃቡን እንደልቡ አይልክም። ኮሪ ሳንደርስም ግራኝ ነበር፣ በ2003 ክሊችኮን በ2ኛው ዙር ነው ያስቆመው። ግን «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት ያበላሸችው። ዩሲክ 1.91 ሜትር ነው፣ ፉሪ 2.06። በሜይ 2024 ሪያድ ላይ ሲገናኙ ዩሲክ እግሩ አንድ ቦታ ሲረጋ አላየሁም። ሆዱን ይነካዋል፣ ጃብ ያስጎድለዋል፣ ጎኑ ላይ ይገኛል። መካከለኞቹን ዙሮች ፉሪ ወስዶበት ነበር፣ አፐርከቱ ሲያርፍ እኔም ወንበሬ ላይ ሸሽቻለሁ። በ9ኛው ዙር ግን ግራ እጁ አገኘችው፣ ፉሪ ገመድ ለገመድ ሲንገዳገድ ዳኛው ቆጠረበት። በተከፋፈለ የዳኞች ድምፅ ዩሲክ አሸነፈ። በዲሴምበር ሲደግሙት ሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 ሰጡት።

ግራኝ ያልሆኑትስ? ጆ ፍሬዘር 1.82 ሜትር ነበር፣ በ1971 ኒው ዮርክ ላይ ያልተሸነፈውን መሐመድ አሊን ያሸነፈው በጃቡ ሥር ጎንበስ ቀና እያለ ነው፣ በ15ኛው ዙር በግራ ሁክ ጥሎት። በሌላ በኩል ዴቪድ ሄይን ተመልከት። በ2009 የ2.13 ሜትሩን ቫልዬቭን መታ ሮጠ፣ መታ ሮጠ፣ አሸነፈ። በ2011 ያንኑ ለክሊችኮ ሲሞክር ግን አልሠራለትም፣ ክሊችኮ እንደ ቫልዬቭ ዘገምተኛ አልነበረምና። ሄይ ከሩቅ ዘሎ አንድ ቡጢ ወርውሮ ይሸሻል፣ ሁለተኛ ቡጢ የለም። ጨዋታው ሲያልቅ የእግር ጣቴ ተጎድቶ ነው አለ። በጣት ሲያመካኝ የሰማሁት የመጀመሪያው ከባድ ሚዛን እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ሴት ቦክሰኛ ነኝ፣ ከሁሉም አጭር ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጎሃ ተራራ ድረስ እሮጣለሁ። ይበቃኛል? (ከአራዳ)

መልስ፦ ጎበዝ ልጅ! ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ዳገቱን ከጨመርሽበት ለሳንባሽ አልሰጋም። የምሰጋው ለጭንሽ ነው። አጭር ቦክሰኛ ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚውለው፣ ሩጫ ደግሞ ያን አያስለምድም። በሳምንት ሁለት ቀን ሩጫውን ቀንሰሽ ከላይ ያልኩትን ገመድ ሥሪ። ቁልቁለቱንም አትሩጪ፣ ጉልበትሽን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ሁሌ የምትጽፉት ለአጭር ሰው ነው። እኔ ረጅም ነኝ፣ ጃቤም ጥሩ ነው ይሉኛል። አጫጭሮቹ እንዳይገቡብኝ ምን ላድርግ? (አድራሻ የለውም)

መልስ፦ እውነትህን ነው፣ በድለንሃል። ጃብህን ስትመልስ ቀጥታ አገጭህ ጋ መልስ። ሉዊስ ያችን ስህተቱን አርሞ በ1938 ሽሜሊንግን በመጀመሪያው ዙር ነው የጨረሰው። ሁለተኛ፣ አጭሩ ቢነካህ አትናደድ። አንቶኒ ጆሹዋ በ2019 አንዲ ሩዪዝን በ3ኛው ዙር ጥሎት፣ ልጨርሰው ብሎ ቅርብ ለቅርብ ተጋጨና ራሱ አራት ጊዜ ወደቀ። ከስድስት ወር በኋላ ሲገናኙ ጃብ ብቻ እየወረወረ፣ እየዞረ፣ ሰዉን እያሰለቸ በሰፊ ነጥብ አሸነፈ። አሰልቺ ሁን።

ቆይ፣ ቁመትህን አልጻፍክም። 1.97 ሜትር ሆነህ የምትሠራው አዘዞ ከሆነ ግን ይህን መልስ አላነበብከውም፣ እኔም አልጻፍኩልህም። ልጁ የቀረው አንድ ወር ብቻ ነው።